የምርጫ ቃላትና የመራጩ መብት፦ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የሁለት ቋንቋ ስያሜዎች

1. መግቢያ

አንድ ስያሜ አንድን ጽንሰ ሐሳብ ብቻ እንዲወክል ማድረግ የሙያ ቃላት ሥራ የመጀመሪያ ደንብ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ ደንብ ሲጓደል በብዙ ሙያዎች አስቀድሞ የሚቸገረው ባለሙያው ራሱ ነው። በምርጫ ቃላት ረገድ ግን ሁኔታው ይለያል። ቃሉን መረዳት የሚያስፈልገው በየጥቂት ዓመቱ አንድ ቀን ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚሄደው መራጭ ስለ ሆነ፣ የስያሜው ብዥታ በቀጥታ መብቱን ይነካበታል። በዚህ ጽሑፍ ጥቂት የምርጫ ቃላትን ከሥርወ ቃላቸውና ከአገልግሎታቸው አንጻር መርምረን፣ የመራጮችን ትምህርት የሚሰጡ ማኅበራትና ተርጓሚዎች ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነጥቦችን ለማሳየት እንሞክራለን።

ለምሳሌነት የመረጥናቸው አዳማ፣ እንዲሁም ከሞጆ ወደ ደቡብ በሚወስደው መንገድ የሚገኙት መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ ናቸው። በእነዚህ ከተሞች ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ገበያ፣ በአንድ እድር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት ውስጥ ይነገራሉ። የቦታ ስሞቹም ሁለት ሁለት ናቸው፤ በ1992 ዓ.ም. አዳማ የሚለው ስም በይፋ ቢመለስም ናዝሬት የሚሉ ዛሬም አሉ፤ ባቱም ለብዙዎች ዝዋይ ናት። ስለዚህ መራጩ በአንዱ ቋንቋ የሰማውን ማስታወቂያ በሌላው ለጎረቤቱ ማስረዳቱ የተለመደ ነው። ተርጓሚው በጽሑፍ የሠራውን ሥራ ጎረቤት ለጎረቤት በቃል እንደገና ይሠራዋል ማለት ነው። የተጻፈው ስያሜ ይህን ሁለተኛ ትርጉም ካልቻለ ሥራው ግቡን አልመታም።

2. ከእንደራሴ ወደ ተወካይ

«እንደራሴ» የሚለው ስያሜ «እንደ» እና «ራሴ» ከሚሉት ቃላት የተጣመረ ነው። ቀድሞ የሚያገለግለው ዙፋኑ በራሱ ፈንታ ለሚያቆመው ሰው ነበር፤ ራስ ተፈሪ መኰንን በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና እንደራሴ የተባሉት በዚሁ ፍች ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን መኳንንቱና ሹማምቱ እንዲመርጡ ደነገገ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጥቶ ሕዝቡ እነዚህን አባላት በቀጥታ ሲመርጥ «የሕዝብ እንደራሴ» የሚለው ሐረግ አዲስ ይዘት አገኘ። በተግባር ሥልጣኑ ከዙፋኑ ባይርቅም፣ በቃሉ ውስጥ «ራሴ» የሚለው ባለቤት ከንጉሡ ወደ መራጩ ተዛወረ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት «የሕዝብ ተወካዮች» የሚለውን ስያሜ መረጠ። ይህ ቃል ወካዩን በግልጽ ስለሚጠይቅ ለትርጉም የተመቸ ነው፤ ተወካይ ካለ የወከለው ሰው አለ። የኦሮምኛው «በከ ቡኣ»ም በሌላው ቦታ መተካትን ስለሚያመለክት ሁለቱ ሳይጋጩ ይሄዳሉ።

3. እጩ፣ ድምፅ፣ ምርጫ

«እጩ» የተገኘው «አጨ» ከሚለው ግሥ ሲሆን የግእዙ ሥር «ሐፀየ» ነው፤ በመሆኑም በዐይኑ ዐ «ዕጩ» ተብሎ መጻፉ በሥርወ ቃል አይደገፍም። የታጨች ገና እንዳላገባች ሁሉ እጩም ገና አልተመረጠም። በኦሮምኛም «ካዺመማ» የሚለው ስያሜ የወጣው ከዚያው ከማጨት ጽንሰ ሐሳብ ነው። እንዲህ ያለው መገናኘት ለተርጓሚ ትልቅ ረድኤት ነው፤ መራጩ በሁለቱም ቋንቋዎች «መታጨት መመረጥ አይደለም» የሚለውን ያለ ማብራሪያ ይረዳል።

«ድምፅ» ግን ጥንቃቄ ይሻል። አማርኛውም ሆነ የኦሮምኛው «ሰገሌ» በጆሮ የሚሰማውንም በወረቀት የሚሰጠውንም ይጠራሉ። በእድር ስብሰባ ሰው ሐሳቡን ጮክ ብሎ ተናግሮ እጁን ያወጣል። ዛሬ የክልሉ ምክር ቤት መጠሪያ የሆነው «ጨፌ»ም በገዳ ሥርዓት ጉዳይ በአደባባይ በንግግር የሚታይበት ጉባኤ ነበር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት ግን የምርጫ ድምፅ የሚሰጠው በምሥጢር ነው። እንግዲህ «ድምፅዎን ይስጡ» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ማስታወቂያ የመብቱን ግማሽ ሳይናገር ይቀራል። «ማንም ሳያይዎ ምልክት ያድርጉ፤ ወረቀቱን አጥፈው በሳጥኑ ውስጥ ይክተቱ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ቢረዝምም መራጩን ከአስገዳጅ ዐይን ይጠብቀዋል።

«ምርጫ» ደግሞ ሥርዓቱንም አማራጩንም ይሸከማል። በሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ጠቅላላ ምርጫ የኦሮሞ ፌዴራሊስት ኮንግረስና የኦሮሞ ነፃነት ግንባር አስቀድመው ከውድድሩ በመውጣታቸው፣ በብዙ የኦሮሚያ የምርጫ ክልሎች ሁለቱ ፍችዎች ተለያዩ፤ ሥርዓቱ ነበረ፣ አማራጩ ግን ጠቦ ነበር። ተርጓሚው ይህን ልዩነት ሊሸፍነው አይገባም፤ ለሥርዓቱ «ምርጫ»፣ ለሌላው «አማራጭ» ቢል ንግግሩ ይጠራል።

4. ታዛቢና ወኪል

ከምርጫ ቃላት ሁሉ ብዙ ክርክር የወደቀበት «ታዛቢ» ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። «ታዘብኩህ» ያለ ሰው አየሁህ ማለቱ ብቻ አይደለም፤ ከአንተ ያልጠበቅሁትን አየሁ ማለቱ ነው። «ትዝብት ላይ ወደቀ» ሲባልም የሚሰማው ነቀፋው ነው። ስለዚህ በሕግ ገለልተኛ ተመልካች የሆነው ሰው፣ በቃሉ ፍካሬያዊ ፍች ምክንያት ለባለሥልጣኑ ነቃፊ፣ ለመራጩ ደግሞ ፈራጅ ሆኖ ይታያል።

ጉዳዩ በ1997 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ደርሷል። የምርጫ ቦርድ በመመዝገቢያ ሰነዳቸው ላይ ምርጫን መታዘብ በዓላማነት ያላሠፈሩ አገር በቀል ድርጅቶች እንዳይታዘቡ ሲከለክል፣ ለማኅበራዊ ፍትሕ የሚሠራ ድርጅትና ሌሎች ማኅበራት አብረው ክስ መሠረቱ። የፌዴራሉ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ለድርጅቶቹ ፈረደ፤ ቦርዱ ይግባኝ ቢልም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አጸና። ሆኖም እስከ ግንቦት 7ቱ ምርጫ የቀሩት ቀናት ጥቂት ስለ ነበሩ በየከተማውና በየገጠሩ በቂ ታዛቢ ለማሠማራት ጊዜ አልበቃም። ከዚያም አዋጅ ቁጥር 621/2001፣ ከገቢያቸው ከመቶ ዐሥር በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ሥራ እንዳይሠማሩ አገደ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 እስኪተካ ድረስም የመራጮችን ትምህርት የሚሰጡ ድርጅቶች ብርቅ ሆነው ቆዩ።

ስያሜውን ይበልጥ ያወሳሰበው ሌላ ነገር አለ። በአዋጅ ቁጥር 532/1999 ነዋሪው ራሱ የሚመርጣቸው «የሕዝብ ታዛቢዎች» ነበሩ፤ ከእነርሱ ጎን የማኅበራት ታዛቢዎችና የፓርቲ ወኪሎች ይቆማሉ። ተራው መራጭ ሁሉንም «ታዛቢ» ይላቸዋል። ልዩነቱ ግን መሠረታዊ ነው፤ ወኪል ስለ እጩው ተከራክሮ ቅሬታ ያቀርባል፣ ታዛቢ ግን በሥራው ጣልቃ ሳይገባ አይቶ ይመዘግባል፣ በኋላም ሪፖርት ያወጣል። ይህን ያላወቀ መራጭ የደረሰበትን በደል ለታዛቢው ነግሮ መፍትሔ ሲጠብቅ ቀኑ ይመሽበታል። በኦሮምኛ ለታዛቢ የሚያገለግለው «ታጀባ» ደግሞ ለአማርኛ ጆሮ «ታጀበ» ከሚለው ግሥ ጋር ስለሚቀራረብ፣ በቃል ሲተላለፍ ከአጃቢ ጋር እንዳይምታታ ማስተዋል ያስፈልጋል።

5. ቅሬታ፣ አቤቱታ፣ ይግባኝ

«ቅሬታ» «ቀረ» ከሚለው የወጣ ሲሆን በልብ የቀረውን ቅር መሰኘት ያመለክታል። «አቤቱታ» ሰው በጌታ ወይም በዳኛ ፊት «አቤት» ብሎ ከሚጮኸው ጩኸት የመጣ ነው። የኦሮምኛው «ኢየታ»ም እንዲሁ ጩኸትን ከሚያመለክት ግሥ ይወጣል። «ይግባኝ» ጉዳዬ ወደ በላይ ዳኛ ይግባልኝ የሚል የባለጉዳይ ቃል ነበር። ሦስቱም የተወለዱት በተለማማጭ አንደበት ነው። ዛሬ ግን በሕግ የተወሰነ መብት መጠሪያ ሆነዋል።

በተለምዶ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባል። እያንዳንዱ ግን የሚቀርብበት አካልና የጊዜ ገደብ ስላለው መደባለቁ መብት ያሳጣል። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ፣ በምርጫ ጣቢያና በምርጫ አስፈጻሚዎች ዘንድ ለሚነሣው «ቅሬታ»፣ ለፍርድ ቤት በመጀመሪያ ለሚቀርበው «አቤቱታ»፣ የተሰጠ ውሳኔ ወይም ፍርድ በበላይ አካል እንዲታይ ለመጠየቅ «ይግባኝ» ብቻ እንዲያገለግል ነው። በኦሮምኛም «ኮሚ»ን ለመጀመሪያው፣ «ኢየታ»ን ለሁለተኛው መለየት ይቻላል።

6. መደምደሚያ

ከላይ ካየናቸው ቃላት ብዙዎቹ ከቤተ መንግሥት፣ ከችሎትና ከጋብቻ ወደ ምርጫ የገቡ ናቸው። ይህ ነውር አይደለም፤ ቋንቋ የሚያድገው እንዲህ ነው። ነገር ግን የቀድሞው ፍች ዜጋውን ለማኝ ወይም ተመልካች አድርጎ እንዳያስቀረው መጠበቅ የመዝገበ ቃላት አዘጋጁም የተርጓሚውም ኃላፊነት ነው።

ለዚህም ሁለት ነገር በቂ ጅምር ይመስለናል። አንደኛ፣ የመራጮች ምዝገባ ከመጀመሩ በፊት የሁለቱ ቋንቋዎች ስያሜዎች ጎን ለጎን ተዘርዝረው ለእድሮችና ለማኅበራት ቢታደሉ፣ በዝርዝሩም ከየቃሉ ቀጥሎ መራጩ የሚያደርገው ድርጊት ቢጻፍ ነው። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ ከመታተሙ አስቀድሞ ከሙያው ውጭ ያሉ ነዋሪዎች በአንዱ ቋንቋ የሰሙትን በሌላው እንዲናገሩት ቢደረግ ነው። «ታዛቢ» ተብሎ የተነገረው ቃል በባቱ ገበያ «ዳኛ» ሆኖ ከተመለሰ፣ ማብራሪያው ከምርጫው ቀን በፊት መታረም ይኖርበታል።