የጀልባ ውኃ ማስወጫ ፓምፕ ሞተር ሲቆም መደረግ ያለበት ጥንቃቄ

በጣና፣ በአባያ፣ በጫሞና በሌሎች የሀገራችን ሐይቆች አገልግሎት በሚሰጡ የሞተር ጀልባዎች ወለል ሥር ውኃ ይጠራቀማል። ውኃውን የሚያስወጣው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ከቆመ ጀልባው ይከብዳል፤ ሚዛኑንም ሊስት ይችላል። ስለሆነም ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ተሳፋሪ ከመጫናቸው በፊት የሚከተለውን ቅደም ተከተል ሊፈጽሙ ይገባል፦

1. የቤንዚን ትነት እንዳይቀጣጠል ክፍሉን በሚገባ ማናፈስ፤
2. የባትሪውን ኃይል መለካት፤ ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ጭነት በሌለበት 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤
3. የተቃጠለ ፊውዝ ከተገኘ በተመሳሳይ አምፔር መተካት፤ ከፍ ያለ ፊውዝ ወይም ተራ ሽቦ መጠቀም እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤
4. ባትሪውን አለያይቶ በፓምፑ ውስጥ የገባውን ጭቃ፣ ክር ወይም ሣር ማጽዳት፤
5. ባትሪውን መልሶ በማገናኘት፣ ማብሪያው እንደበራ ፓምፑ ዘንድ የሚደርሰውን ቮልት መለካት።

በፓምፑ ላይ የተለካው ቮልት ከባትሪው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ሞተሩ ካልዞረ ብልሽቱ የራሱ የሞተሩ ነው። ቮልቱ እጅግ ዝቅ ካለ ግን ሞተሩን ከመለወጥ በፊት ማብሪያው፣ ገመዱና የዛጉ ማያያዣዎች ይፈተሹ።

ከጥገና በኋላ ወለሉ ላይ ውኃ በማፍሰስ ፓምፑ በትክክል ማስወጣቱ ይረጋገጥ። ይህ ሳይረጋገጥ ጀልባው ከወደብ ሊነሳ አይገባም።