ለዘር የሚቀረው አውራ በግ

ባለፈው በዓል ቤታችሁ የገባውን በግ እስቲ አስታውሱት። ባል ከገበያ ሲመለስ ሚስት በር ላይ ተቀብላ ጀርባውን ዳሰስ አድርጋ፣ «እሰይ፣ ደህና መርጠሃል» ብላ ይሆናል። በጉ ከመንዝ የመጣ ከሆነ ጸጉሩ ሻካራ፣ ላቱ አጭርና ወፍራም፣ ቁመቱም አጠር ያለ ነው። በዋጋው ተከራክረን፣ አርደን፣ በልተን፣ ተመስገን ብለን እንረሳዋለን። ይሁን እንጂ ያ በግ ከደጋው ሲወጣ ከኋላው ምን ዓይነት መንጋ ትቶ እንደ መጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ጥያቄው የአንድ በዓል ጥያቄ አይደለም። በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ በጌሼና በመርሐ ቤቴ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች የሚቆሙትና የሚወድቁት በዚህ ጉዳይ ነው።

ምርጡ ሲሸጥ

በመሐል ሜዳ ወይም በሞላሌ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት እናስብ። አገሩ ከፍታው 3,000 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ዋናው እህል ገብስ ነው፤ እርሱም በአብዛኛው የበልግ ዝናብን ይጠብቃል። በልግ ደግሞ በየጊዜው ይከዳል። በልግ አምልጦት በክረምት የዘራውን ገበሬ የጥቅምትና የኅዳር ውርጭ ይጠብቀዋል። እህሉ ሲጠፋ ቤተሰቡን የሚያተርፈው በግ ነው። የልጆች ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የሕክምና ወጪ፣ ሁሉም ከበረቱ ይወጣል።

ታዲያ ገንዘብ ሲቸግር የትኛው በግ ይሸጣል? ፈጥኖ ያደገው ወንድ ጠቦት ነዋ! የነጋዴው ዓይን የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው፤ ደህና ብር የሚያወጣውም እርሱ ነው። ቀጫጫው፣ ዕድገቱ የዘገየው ግን ገዢ ስለማያገኝ በረት ውስጥ ይቀራል። ሳይሸጥ ቀርቶ ይጎለምሳል፤ ጎልምሶም በጎቹን ያጠቃል። የሚቀጥለው ዓመት ጠቦቶች አባት ማን ሆነ ማለት ነው? ማንም ያልፈለገው በግ!

ይህን ማንም አስቦ አያደርገውም፤ ችግር ነው የሚያስደርገው። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። አንዲት በግ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወሊድ አንድ ጠቦት ብቻ ትወልዳለች፤ አንድ አውራ ግን በአንድ ወቅት የብዙ ጠቦቶች አባት ይሆናል። ስለዚህ ደካማ አውራ በመንጋው መካከል ሲቀር ድካሙ በመንደሩ ሁሉ ይበዛል።

ከሩቅ የመጣ መፍትሔ

«ታዲያ ትልቅ በግ ከውጭ ማምጣት አይሻልም?» ትሉ ይሆናል። ተሞክሯል። የደብረ ብርሃን የበግ ማራቢያ ማዕከል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። አዋሲ የተባለው የመካከለኛው ምሥራቅ ዝርያም ከመንዝ በግ ጋር እየተዳቀለ ለገበሬዎች ተሰራጭቷል። ድቅሉ በቂ መኖ ሲያገኝ በክብደት ይበልጣል። ነገር ግን በግጦሽና በገብስ ጭድ ብቻ በሚከርም በረት ያ መኖ ከየት ይመጣል?

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ለብርዱና ለችግሩ ግን የተፈጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በደብረ ብርሃን የመንዝና የሆሮ በጎች ጎን ለጎን ተረብተው በተነጻጸሩ ጊዜ፣ የሆሮዎቹ ጠቦቶች ከመንዞቹ ይልቅ በብዛት ሞተዋል። ትልቅ ሆኖ ከሚሞት ጠቦት ትንሽ ሆኖ የሚያድግ ለድኻ ቤተሰብ ይሻላል። ከእጃችን ያለውን በሚገባ ሳናውቅ የሌላውን መመኘት በትዳርም በእርሻም ያከስራል።

ገበሬውን የጠየቀ ትምህርት

እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ የተጀመረው ሥራ ከዚህ የተለየ ነበር። ኢካርዳ የተባለው የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ኢልሪ የተባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ አንድ የቪየና ዩኒቨርሲቲና የአገራችን የግብርና ምርምር ተቋማት በኅብረት «ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ዝርያ ማሻሻያ» የተባለውን መርሐ ግብር ጀመሩ። ከመንዝ ሌላ የቦንጋ፣ የሆሮና የአፋር በጎችም ተካተው ነበር።

ባለሙያዎቹ መልስ ይዘው ከመሄዳቸው በፊት ጥያቄ ይዘው ሄዱ፤ «ለእናንተ ጥሩ በግ የምትሉት ምን ዓይነት ነው?» አሉ። ገበሬው ስለ ቁመናው፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ላቱ፣ እናቲቱም ጠቦቷን እንዴት እንደምታሳድግ የሚናገረው ብዙ ነበረው። ከዚያ በኋላ የባለሙያው ሚዛንና መዝገብ ተጨመረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጠቦት ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል፤ የእናቱም ቁጥር ይጻፋል። ሲወለድ፣ ጡት ሲጥልና ስድስት ወር ሲሞላው ይመዘናል። ወንዶቹ ጠቦቶች ሲደርሱ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ባለሙያው መዝገቡን ያቀርባል፤ ገበሬዎች የመረጡት ኮሚቴ ደግሞ እያንዳንዱን ዳሶና ተመልክቶ ይወስናል። የተመረጠው አውራ በመንደር ቡድን በጋራ ያገለግላል፤ የገዛ ልጆቹን እንዳያጠቃም ከጊዜ በኋላ ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራል። ያልተመረጠው ተኮላሽቶ፣ ደልቦ፣ ሙክት ሆኖ ለገበያ ይወጣል። የጠቦቱ ባለቤት የገበያውን ብር እንዳያጣ ደግሞ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ «አትሽጥ» ማለት ብቻ የልጁን ደብተር አይገዛም።

ከአሥር ዓመት በኋላ የተሠራው ግምገማ የስድስት ወር ጠቦቶች ክብደት መጨመሩን አሳይቷል። ለውጡ በአንድ ሌሊት የመጣ አይደለም፤ በየዓመቱ ትንሽ በትንሽ ነው። ሆኖም ከአባት ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ የሚቀር ለውጥ ነው።

የጋራ የሆነውን በጋራ ሕግ መጠበቅ ለመንዝ ሰው እንግዳ አይደለም። የጓሳ ሣር ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሮ ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ፣ ሲፈቀድ ብቻ ይታጨድ ነበር። ጥሩ ትምህርት እንዲህ ያለውን የቆየ ጥበብ መሠረት አድርጎ ይሠራል።

ባል ሠለጠነ፣ ሚስትስ?

አሁን ወደ ቤት እንግባ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲቋቋም፣ በሰብል፣ በእንስሳትና በተፈጥሮ ሀብት የሠለጠኑ ሦስት የልማት ሠራተኞችም እንዲመደቡ ታቅዶ ብዙ ተሠርቷል። ሆኖም ስብሰባ ሲጠራ አብዛኛውን ጊዜ የሚሄደው አባወራው ነው። የታመመውን ጠቦት ቤት አስገብታ የምታሞቀው፣ በረት የምትጠርገው፣ የትኛዋ በግ ወተት እንዳላት የምታውቀው ማን ናት? ሚስት ናት። በሜዳ የሚውሉት ደግሞ ልጆች ናቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የጉበት ትል በረግረግ ቦታ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ይራባል። ስለዚህ በጎችን ከረግረጉ ማራቅ፣ መድኃኒቱንም በወቅቱ መስጠት ያስፈልጋል። ይህን አባት ብቻ ሰምቶ ቢመጣና ለእረኛው ልጅ ሳይነግር ቢቀር ሥልጠናው ምን ጠቀመ? የአውራው ነገርም እንደዚያው ነው። ባል ለዘር ያስቀመጠውን ሚስት ችግር ሲመጣ ብትሸጠው ጥፋቱ የእርሷ አይደለም፤ ያልነገራት እርሱ ነው። ባልና ሚስት አብረው ያልተማሩት ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ሥር አይሰድም።

ለሁሉም አንድ ትምህርት የለም

አገሩም አንድ አይደለም። በመንዝና በጌሼ ደጋ ገብስና በግ ነው፤ ወደ ጀማና ወደ ወንጪት ሸለቆ ስትወርዱ በመርሐ ቤቴ ማሽላና ጤፍ፣ ፍየልም ይመጣል። ለብርዱ የሚስማማው ትሪሉሰርን የተባለው የመኖ ዛፍ ለደጋው በረት ይረዳል፤ ለቆላው ገበሬ ግን ሌላ ምክር ያሻል። በመርሐ ቤቴ ካርል ሄንዝ ቦም የመሠረተው «ሰዎች ለሰዎች» ድርጅት ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ለዓመታት ሲሠራ እርከኑንና ችግኙን ከትምህርት ቤትና ከውኃ ጋር አያይዞ ነበር። የገበሬ ችግር አንዱ ከአንዱ የተያያዘ ነውና።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት እስከ መንዝ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የተነሣው ግጭት ሌላ መከራ አመጣ። መንገድ ሲዘጋ የልማት ሠራተኛውም መድኃኒቱም አይደርሱም። በዚያን ጊዜ ለቤተሰቡ የሚቀርለት በራሱ ጭንቅላትና እጅ ውስጥ የገባው እውቀት ብቻ ነው። በጎተራ ያለ እህል ይዘረፋል፤ የተማሩት ግን አይዘረፍም።

እኛስ?

ብዙዎቻችን በገጠር ወላጅ፣ ወንድም ወይም አክስት አለን። ለበዓል ስትደውሉ፣ «ወንዱን ጠቦት ላኩልን» ከማለታችሁ በፊት፣ «ለዘር የቀረ አውራ አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የምትልኩት ገንዘብ ካለ አንዳንዱን ጊዜ ለበዓል ልብስ ሳይሆን፣ ምርጡ ጠቦት በችግር እንዳይሸጥ አድርጉት። ከገበያ ስትገዙም ሙክት ምረጡ፤ የተኮላሸ በግ ለዘር ያልታሰበ ነውና ብትበሉት መንጋው አይጎዳም። ስለ ሥልጠና ስትሰሙ ደግሞ፣ «ሁለታችሁም ሄዳችሁ?» በሏቸው።

ባልና ሚስት ሆናችሁ ይህን የምታነቡም የራሳችሁን ቤት ተመልከቱ። ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የምትሸጡት ምንድን ነው? ለነገ የሚሆነውን ነው ወይስ ለዛሬ የሚበቃውን? የመንዝ ገበሬዎች ይህን ጥያቄ በረታቸው ውስጥ መመለስ ጀምረዋል። ምርጡን ለነገ ማስቀረት ቀላል አይደለም፤ ዛሬ ርሃብ አለና። ሁለት ሆነው ሲመክሩበት፣ ጎረቤትም ሲደግፋቸው ግን ይቻላል።