ስም ከተሰረዘ በኋላ

ለሕዝብ ክፍት የሚሆን የጤና መረጃ ከመለቀቁ በፊት፣ በውስጡ የተመዘገበ ሕመምተኛ ማንነት ተመልሶ ሊታወቅ የሚችልበት ዕድል የሚመረመርበት ሥራ የምስጢር ስጋት ምዘና ይባላል። ምዘናው የሚጀምረው ስም፣ ስልክና የካርድ ቁጥር ከተሰረዙ በኋላ ነው፤ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ወረዳና ሥራ ለየብቻቸው ማንንም ባያመለክቱም ሲደራረቡ አንድን ሰው ነጥለው ስለሚያወጡ፣ ተዘዋዋሪ መለያዎች ይባላሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ላታንያ ስዊኒ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ የነበሩትን የዊልያም ዌልድን የሕክምና መዝገብ ስም አልባ ከሆነ መረጃ ውስጥ ለይተው ያወጡት፣ የልደት ቀንን፣ ጾታንና የፖስታ ቁጥርን ከመራጮች መዝገብ ጋር በማስተያየት ነበር።

በአማራ ክልል በሚገኘው አዊ ዞን ግን ይህ ዘዴ እንዳለ አይሠራም፤ የልደት ቀኑን በትክክል የማያውቅ ሰው ብዙ በመሆኑ በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው ዕድሜ በዜሮና በአምስት ወደሚያልቁ ቁጥሮች ያዘነብላል። ይህ ሊያዘናጋ አይገባም፤ በዞኑ ባሉት በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ሕመምተኛን ለይቶ የሚያውቀው ኮምፒውተር ሳይሆን ጎረቤት ነውና። «ሴት፣ 40፣ መምህርት፣ ጃዊ፣ መንታ የወለደች፣ ኤችአይቪ ያለባት» የሚል አንድ ረድፍ ቢታሰብ፣ የወረዳው ሰው መንታ የወለደችውን መምህርት ለማወቅ ሌላ መዝገብ አያሻውም፤ ከረድፉ አዲስ የሚያገኘው የመጨረሻውን ቃል ብቻ ነው።

ስጋቱ የሚለካው ተመሳሳይ ተዘዋዋሪ መለያ ያላቸውን ሰዎች በመቁጠር ሲሆን፣ አምስት ከሆኑ አንዱን ለይቶ የማግኘት ዕድል ከአምስት አንድ ነው። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ያስቀመጠው ጣሪያ 0.09፣ ማለትም ከ11 አንድ ገደማ ነው። ይሁንና አምስቱም ያው ሕመም ካለባቸው የትኛው ማን እንደሆነ መደበቁ ፋይዳ ስለሌለው፣ ቆጠራው ብቻውን አይበቃም።

በኢትዮጵያ ጥንቃቄው በግልጽ የሚታየው በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎችን የሸፈነ ሲሆን፣ ለተመራማሪዎች የተሰጠው የቦታዎቹ የጂፒኤስ ነጥብ ሆን ተብሎ በከተማ እስከ 2፣ በገጠር እስከ 5፣ ከገጠሮቹም ለአንድ በመቶው እስከ 10 ኪሎ ሜትር እንዲዛነፍ ተደርጓል። ጥበቃው ዋጋ ያስከፍላል፤ ከአንድ የገጠር ቀበሌ እስከ ጤና ጣቢያ ያለውን መንገድ ለማጥናት የሚፈልግ ሰው በዚህ ነጥብ ላይ ሊተማመን አይችልም። ስለዚህም ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት መካከል የመደበው የጤና መረጃ ሁለት መልክ ቢኖረው ይሻላል፦ በዞን ደረጃ ተጠቃሎ ለማንም የሚለቀቅ፣ በቀበሌ ደረጃ ደግሞ የምስጢር ግዴታ ለፈረመ ተመራማሪ ብቻ የሚሰጥ።