ፍትሕ ስንት ወር ሲዘገይ ነው የሚነፈገው?

«የዘገየ ፍትሕ እንደተነፈገ ይቆጠራል» የሚለውን አባባል ከዳኛ እስከ ባለጉዳይ የማያውቀው የለም። ስንት ወር ሲዘገይ ነው የሚነፈገው? ብሎ ለጠየቀ ግን ቁርጥ ያለ ቁጥር የሚነግረው አገር ማግኘት ይከብዳል። ካናዳ ለወንጀል ክስ ቁጥሩን ነግራለች፤ በክፍለ ሀገር ፍርድ ቤት 18 ወር፣ በከፍተኛ ፍርድ ቤት 30 ወር። በዚህ ምዕራፍ የምናየው ቁጥሮቹ እንዴት እንደተገኙና፣ በእነሱም የተነሣ አሰልቺ የሚመስለው የፍርድ ቤት የአሠራር ማስታወቂያ ለካናዳ ጠበቃ የሕግን ያህል የሚከብድበትን ምክንያት ነው።

የነገሩ ሥር እ.ኤ.አ. በ1982 የጸደቀው የመብቶችና ነፃነቶች ቻርተር ነው። አንቀጽ 11 ማንኛውም ተከሳሽ በተገቢ ጊዜ ውስጥ የመዳኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 «ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ» ይላል። ሁለቱም ወሩን አይቆጥሩም፤ መቁጠር የዳኞች ሥራ ሆኖ ይቀራል።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ከፍ ያለ ድምፅ ያሰማው በጥቅምት 1990 ነው። ጉዳዩ አስኮቭ ተብሎ ይጠራል። የመጣው ከቶሮንቶ አጠገብ ካለችው ብራምተን ነው። ተከሳሾቹ በቅድመ ምርመራ ቀርበው ጉዳያቸው ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ከተመራ በኋላ፣ ክርክራቸው እስኪሰማ ሁለት ዓመት ገደማ ጠበቁ። ጥፋቱ የዐቃቤ ሕጉ ስንፍና አልነበረም፤ አዳራሽና ዳኛ አጥተው ወረፋ ላይ ስለነበሩ ነው። ለፍርድ ቤቱ ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ የካርል ባር ቃለ መሐላ ነበር። ባር በብሮክ ዩኒቨርሲቲ የፍርድ ቤት አስተዳደርን የሚያጠኑ ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ በብራምተን አካባቢ ያለው መጓተት ከሌሎች ቦታዎች ጋር ሲተያይ ምን ያህል የከፋ እንደሆነ በቁጥር አሳዩ። ዳኛ ፒተር ኮሪ በጻፉት ውሳኔ ክሱ ተቋረጠ። በዚያው ውሳኔ ላይ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ተጨመረበት፤ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለው ጊዜ የትዕግሥት ጫፍ ሳይሆን አይቀርም የሚል።

ጠበቆች ዐረፍተ ነገሯን እንደ ሰዓት ቆጣሪ ያዟት። እኛ ዘንድ የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን እንደሚያስር ሁሉ፣ በካናዳም የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቃል ከባሕር እስከ ባሕር ይሠራል። ውሳኔው ከወጣበት ሰሞን እስከ መስከረም 1991 መጀመሪያ ድረስ በኦንታሪዮ ብቻ ከ47,000 በላይ ክሶች ተቋረጡ ወይም ተነሱ። ፕሮፌሰሩም ዝም አላሉም። በ1993 በካናዳ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ዳኞች ማኅበራዊ መረጃን እንዴት እንደተጠቀሙበትና እንዴት ያለ አግባብ እንደተጠቀሙበት ተቹ። በእኔ እይታ ከዚህ ምዕራፍ ሁሉ መታወስ ያለበት ይህ ታሪክ ነው። የሕግ ምሁር ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ነገር ይመስለናል። እዚህ ግን የአንድ ምሁር ሠንጠረዥ ፍርድ ውስጥ ገባ፤ ፍርዱ አገር አናወጠ፤ ምሁሩ ደግሞ ብዕሩን አንሥቶ ዳኞቹን መልሶ ሞገተ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 በሞሪን ጉዳይ ቆጣሪውን አላላው። ወራቱ መመሪያ እንጂ ገደብ አይደሉም፤ ተከሳሹ በመዘግየቱ የደረሰበት ጉዳትም ይመዘን አለ። ውጤቱ እንደሚገመተው ነው። እያንዳንዱ ክርክር ስለ መዘግየት ሌላ ረጅም ክርክር ወለደ፤ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ።

በሐምሌ 2016 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጆርዳን ውሳኔ መጣ፤ በመግቢያው ያየናቸውን 18 እና 30 ወር ጣሪያ አድርጎ ያስቀመጠው ይህ ውሳኔ ነው። ተከሳሹ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የተከሰሰው በታኅሣሥ 2008 ሲሆን፣ የክርክሩ ማብቂያ የካቲት 2013 ነበር። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጠቅላላው ጊዜ 49 ወር ተኩል ነው። ከዚህ ላይ በመከላከያው ወገን ምክንያት የባከነው አምስት ወር ተኩል ይቀነሳል፤ የሚቀረው 44 ወር ነው። የከፍተኛ ፍርድ ቤት ጣሪያ 30 ወር ስለሆነ ዐቃቤ ሕጉ ልዩ ሁኔታ ነበር ብሎ ማስረዳት አለበት። ማለትም ማንም ያላሰበው ድንገተኛ ነገር ተከስቷል፣ ወይም ጉዳዩ ከመጠን በላይ ውስብስብ ነው ማለት ይኖርበታል። ይህን ማሳየት ስላልተቻለ የተፈረደበት ሰው ፍርዱ ተሽሮ ክሱ ተቋረጠ። ውሳኔው በአምስት ለአራት ድምፅ ነው ያለፈው፤ አራቱ ዳኞች በሺዎች የሚቆጠሩ ክሶች ሊፈርሱ ይችላሉ ብለው አስጠነቀቁ። በ2017 ኩቤክ ውስጥ ሚስቱን በመግደል የተከሰሰ ሰው፣ ጉዳዩ አምስት ዓመት ገደማ ስለፈጀ ሳይፈረድበት ክሱ ሲቋረጥ ሕዝቡ ጮኸ። ጩኸቱ አይገርምም። የሟች ቤተሰብ ስለ ጣሪያ የሚያውቀው ነገር የለም።

በቶሮንቶ ወይም በካልጋሪ ችሎት የሚቀርብ አማርኛ ተናጋሪ ካለ አንድ ነገር ልብ ይበል። ከሒሳቡ የሚቀነሰው እሱ ወይም ጠበቃው ያመጡት መዘግየት ነው፤ ችሎቱና ዐቃቤ ሕጉ ዝግጁ ሆነው እሱ ዝግጁ ካልሆነ ማለት ነው። አስተርጓሚ የማግኘት መብት ደግሞ በዚያው ቻርተር አንቀጽ 14 ተጽፏል።

እንግዲህ ወረፋ ራሱ ሕግ በሆነበት አገር ፍርድ ቤት በሩን ሲዘጋ ምን ይሆናል? መጋቢት 17 ቀን 2020 የኦንታሪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኮሮና ምክንያት መደበኛ ሥራውን አቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለጠበቆች የሚወጡት ማስታወቂያዎች ተከታተሉ። የትኛው ጉዳይ አስቸኳይ ነው? ማመልከቻ በኢሜይል ይገባል ወይ? ችሎቱ በስልክ ነው በቪዲዮ? ማስታወቂያውን ያላነበበ ጠበቃ ደንበኛውን የተዘጋ በር ፊት ያቆመዋል። የበታች ፍርድ ቤቶች ወረርሽኙን ከልዩ ሁኔታ ቆጥረው ያንን ጊዜ ከጆርዳን ሒሳብ ቀነሱት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በሰኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በዙም ተሰየመ።

የዚያን ወቅት ስሜት የሚያሳይ አንድ ትእዛዝ አለ። በቶሮንቶ አንድ ተከራካሪ፣ ምስክርነት በቪዲዮ ከሚሰጥ ወረርሽኙ አልፎ ፊት ለፊት እስክንገናኝ ይቆይልን ብሎ ተቃወመ። ዳኛ ፍሬድ ማየርስ የመለሱት ዘመኑ 2020 ነው በማለት ነበር። ያ ጊዜያዊ የተባለው አሠራር አብዛኛው ቋሚ ሆኖ ቀረ።

አዲሱ የማስታወቂያ ርዕስ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። በካናዳ ውሳኔ ፍለጋ የሚጀመረው የጠበቆች ማኅበራት ፌዴሬሽን ባቋቋመው፣ ለማንም በነፃ ክፍት በሆነው ካንሊ ነው። ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ግን ካንሊ ላይ የሌሉ፣ የትም ያልነበሩ ውሳኔዎች በማመልከቻ ላይ ብቅ ማለት ጀመሩ። በ2024 በቫንኩቨር አንዲት ጠበቃ በሌሉ ፍርዶች በመጠቀሟ ከኪሷ ወጪ እንድትከፍል ታዘዘች። በ2025 ደግሞ እነዚያው ዳኛ ማየርስ፣ የተጠቀሱትን ውሳኔዎች ፈልገው ስላጡ ሌላ ጠበቃን ማብራሪያ ጠየቁ። ዳኛ የሌለ ፍርድ ሲፈልግ የሚያጠፋው ሰዓት ከሌላ ሰው ቀጠሮ ላይ የተወሰደ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2023 ባወጣው ማስታወቂያ፣ በዚህ መሣሪያ የተዘጋጀ ይዘት ያለበት ሰነድ ይህንኑ በግልጽ እንዲያስታውቅ አዘዘ። ኦንታሪዮ ከዚያ አልፋ በሥነ ሥርዓት ደንቧ ላይ አንድ መስመር ጨምራለች፤ የጽሑፍ ክርክር የሚያስገባ ሁሉ የጠቀሳቸው ውሳኔዎች እውነተኛ መሆናቸውን በፊርማው ያረጋግጣል።