ባሕር ለሌለን የባሕር ወፍ፦ ካሜራ ይዞ ወደ ሐይቅ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲና በሚሌ አሰብ የሚገባው መንገድ ድሮ ወሎን ከቀይ ባሕር ያገናኝ ነበር። ዛሬ ባሕሩ ባይኖረንም፣ ዓሣ እየለቀሙ የሚኖሩ ወፎችን ማየት ያማረው የደሴ ሰው በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ቢወርድ ይበቃዋል። ቆሮሶ ዓሣ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ በሰው እጅ እዚህ ውሃ ውስጥ ከተጨመረ ወዲህ ለአጥማጁም ለወፉም ቀለብ ሆኗል። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች አገራችን የሚሰነብቱት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነውና ጉዞውን ያኔ ያድርጉት።

ካሜራውን ከማውጣትዎ በፊት የወፉን ጠባይ ያጥኑ። ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር የሆነው ዓሣ አጥማጅ ወፍ ክንፉን እያርገበገበ አየር ላይ ባለበት ይቆማል፤ ምንቃሩን ወደ ታች ደፍቶ ያነጣጥራል፤ ከዚያ እንደ ተወረወረ ጦር ውሃው ውስጥ ጥልቅ ይላል። ጀማሪ ሁሉ መጥለቁን ለመያዝ ሲሯሯጥ የውሃ ፍንጣሪ ብቻ አንሥቶ ይመለሳል። ቆሞ ሲያነጣጥር ያንሡት። ኮርሞራንት የሚባለው የውሃ ወፍ ደግሞ ላባው ውሃ ስለሚይዝ ከዋና በኋላ ግንድ ላይ ወጥቶ፣ ክንፉን ዘርግቶ ያደርቃል። ለተማሪ ከዚህ የተመቸ ወፍ የለም።

ባለሙያዎች «ማለዳ ውጡ» ይላሉ። ሐይቅ ላይ ምክሩ በግማሽ ነው የሚሠራው። ከተማውና አውራ ጎዳናው ከውሃው በስተ ምዕራብ ናቸው፤ በዚያ በኩል ጠዋት የቆመ ሰው ፀሐይ ፊቱን ትመታዋለች፣ ወፉም ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀርበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ከጀርባ ይመጣል። ያኔ ቁጭ ብለው ሌንሱን ወደ ውሃው ያስጠጉ፤ ፎከሱ የወፉ ዓይን ላይ ይሁን። ለሚበር ወፍ የሹተሩ ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል። ነጭ ወፍ ጠቆር ያለ ውሃ ላይ ሲሆን ካሜራው ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፣ ላባውም ነጭ ጨርቅ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ ኤክስፖዠሩን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። ረጅም ሌንስ የሌለው ሰው በስልኩ ወፍ ከሚያባርር፣ ባይኖኩላር ተውሶ ቢያይ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ወፉ መብላቱን ትቶ አንገቱን ካሰገገ አልፈው ቀርበውታልና ወደ ኋላ ይበሉ። ጎጆ ሊኖርበት ስለሚችል ቄጠማው ውስጥ አይግቡ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ባስተማሩበት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዙሪያ ደግሞ፣ ወፍም ቢሆን የሚያነሡት፣ አስቀድመው መነኮሳቱን ያስፈቅዱ።