የአይጥ መርዝና የቤት እንስሶቻችን

በጭላሎ ግርጌ ስንዴና ገብስ ከአውድማ ወደ ጎተራ ሲገባ አይጥም ተከትሎ ይገባል። በአሰላም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች መፍትሔው መርዝ ገዝቶ በዱቄት ለውሶ ማስቀመጥ ነው። ታዲያ አይጦቹ ሲሞቱ ድመቷ ወይም ውሻውም አብሮ ይሞታል። ይህ ለምን ይሆናል? ምንስ ማድረግ ይቻላል?

የአይጥ መርዝ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በተለይ ሁለቱን ለይተን ማወቅ ይገባናል።

1ኛ/ ዚንክ ፎስፋይድ፦ ጥቁር ግራጫ ዱቄት ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ከጨጓራ አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። እንስሳው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያስመልሰዋል፤ ያለከልካል፤ ይንቀጠቀጣል። ማርከሻ የለውም፤ ሐኪም የሚችለው አሲዱን ማብረድና እንስሳውን ደግፎ ማቆየት ነው።

2ኛ/ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርዝ፦ እ.ኤ.አ. በ1948 ለአይጥ ማጥፊያነት የዋለው ዋርፋሪንና ከእርሱ የበረታው ብሮዲፋኩም ከዚህ ወገን ናቸው። መርዙን የበላች አይጥ ወዲያው አትሞትም፤ ለቀናት ተዳክማ ስትጎተት ለድመት ቀላል አደን ትሆናለች። የተመረዘው እንስሳም ከ3 እስከ 5 ቀን ደህና መስሎ ይቆይና ድዱ ይነጣል፤ ከአፍንጫው ይደማል። ለዚህኛው ግን መድኃኒት አለ፤ ለሳምንታት የሚሰጥ ቫይታሚን ኬ1 ነው።

«ወተት ጋቱት!» የሚባለውስ? ወተት ማርከሻ አይደለም። እንዲያውም ዚንክ ፎስፋይድ በበላ እንስሳ ላይ ምግብ ሲጨመር አሲዱ ይበዛል፤ ጋዙም ይጨምራል። በግድ የተጋተ ነገር ደግሞ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በጨው ውሃ ማስመለስም አደገኛ ነው።

ስለዚህ፦
ሀ/ ሳይውል ሳያድር፣ ደህና ቢመስልም እንኳ፣ እንስሳውን ወደ እንስሳት ክሊኒክ መውሰድ፤
ለ/ የመርዙን መያዣ ይዞ መሄድ፤ ሕክምናው የሚወሰነው በመርዙ ዓይነት ነውና፤
ሐ/ እንስሳው ካስመለሰው ወደ ደጅ ማውጣትና ትውከቱን ቀርቦ አለማሽተት፤ ጋዙ ሰውንም ይጎዳል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መከላከል ነው። ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ እግሮቹን በቆርቆሮ መጠቅለል፣ መርዝ የግድ ካስፈለገም ጠባብ ቀዳዳ ባለው ሳጥን ውስጥ ማኖር፣ የሞቱትን አይጦች ለቅሞ በጥልቅ መቅበር ያስፈልጋል።

ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ ይህን የሚጠይቁን ተማሪዎችና ወላጆች ብዙ ናቸው። ድመቷን የገደለ መርዝ ለከርሞ አይጥ ጎተራውን ከፍቶ እንደ መስጠት ነው እንበላቸው።