ከምላጩ በፊት ማንኪያው

እነሆ የሁዳዴ ጾም ተፈትቶ የትንሣኤ በዓል ደረሰ። ድፎው ተቆርሶ፣ ወጡ ወጥቶ፣ ከአባቶች ምርቃት በኋላ ለሕፃናት የሚጎርሱትን ማቅመስ የቆየ ልማዳችን ነው። ለመሆኑ በዚሁ ማዕድ ዙሪያ ጡት ቀርቦለት መጥባት የተሳነው ሕፃን ሊኖር እንደሚችል ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን? በዛሬው ጽሑፋችን የምናነሳው ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ ስለሚወለድ ሕፃን ነው።

በዓለም ላይ በአማካይ ከ700 ሕፃናት አንዱ በዚህ ሁኔታ ይወለዳል። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ሊገጣጠሙ የሚገባቸው የፊት ክፍሎች ሳይገጣጠሙ በመቅረታቸው የሚከሰት እንጂ እርግማን ወይም የእናት ጥፋት አይደለም። በቀዶ ሕክምናም ይስተካከላል። በአገራችን ይህን ሕክምና ከሚሰጡት መካከል የካቲት 12 ሆስፒታል ይገኝበታል።

ይሁን እንጂ ምላጭ ከመነሳቱ በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ። ሐኪሞች ከንፈርን ለመጠገን ለረጅም ዘመን የተመሩበት «የአሥር ሕግ» ሕፃኑ 10 ሳምንት እንዲሞላው፣ ክብደቱ 10 ፓውንድ ወይም 4.5 ኪሎ ግራም ገደማ እንዲደርስ፣ የደሙ ሄሞግሎቢንም ከ10 ግራም እንዳያንስ ይጠይቃል። የከሳና ደም ያነሰው ሕፃን ማደንዘዣውን ለመቋቋም ይቸገራል፤ ቁስሉም ቶሎ አይሽርም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ላንቃው የተከፈተ ሕፃን አየሩ በአፍንጫው ስለሚያልፍ ወተቱን መምጠጥ አይችልም። ጥቂት ይሞክራል፣ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል፣ ደክሞት ሳይጠግብ ይተኛል። በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ጎተራው በጎደለበት ቤት እንዲህ ያለው ሕፃን ሁለት ጊዜ ይራባል። በግ ሸጣ፣ ሩቅ መንገድ ተጉዛ ሆስፒታል የደረሰች እናት «ክብደቱ አልሞላም፤ አብልተሽ መልሺው» ብትባል በምን ታበላዋለች?

ሆኖም በቤት ውስጥ የሚሠራ ብዙ ነገር አለ። እናት ጡቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ፣ ሕፃኑን ቀና አድርጋ ይዛ፣ በማንኪያ ወይም በትንሽ ኩባያ ቀስ እያለች ታጠጣው፤ በየመሐሉም ታስገሳው። መጠኑ ጥቂት፣ ጊዜው ግን ቶሎ ቶሎ ይሁን። ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ጡት መጥባት ይችላል። ከ6 ወር በኋላ ወፈር ባለ አጥሚት ላይ ወተት፣ እንቁላልና ዘይት ይታከልበት። ክብደቱም በጤና ኬላ በየጊዜው ይለካ። ላንቃው ከተሰፋ በኋላም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ለስላሳ ምግብ እንጂ ቆሎና ደረቅ ዳቦ አይሰጠው።

በጾም ወራት ድስቱ እንዳይነካካ በማለት ለሕፃናት ወተትና እንቁላል የማይሠራባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ጾሙ ግን በሕፃናት ላይ አልተጣለም። ለሕፃኑ አንዲት ድስት ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያለው ጊዜ የሐኪም ብቻ ሳይሆን የጎረቤትም ነው። ለዚያች እናት በየጠዋቱ የምትላክ አንዲት ኩባያ ወተት፣ የምትዋጣ የመሳፈሪያ ገንዘብ ሕፃኑን ለቀጠሮው ቀን ታደርሰዋለች። ስለዚህ በዓሉን ስናከብር ሕፃኗን ከሰው ዓይን ሸሽጋ የምትኖረውን እናት ቤት እናንኳኳ እንላለን።

መልካም የትንሣኤ በዓል!